ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚረክሰው ክሬዲቱ ሲቆጠር ነው (ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ እና ሌሎችም)

ቁምነገር_ብቻ

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልግባ ወይስ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሳል፣ መልሱም በየሳምንቱ ተበታትኖ ይቀራል። እስቲ አንድ ቦታ እንሰብስበው። የምጽፈው በዋናነት ስለ ሜሪላንዱ ሞንጎምሪ ኮሌጅና ስለ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ነው፤ የዚህ አካባቢ ሐበሻ የሚያውቀው እነሱን ነውና። ሌላ ስቴት ያላችሁ ከሥር ጨምሩበት።

ባችለር ዲግሪ ባብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ግማሹ፣ ማለትም እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡ፣ መሠረታዊ ሳይንሱ፣ ታሪኩ፣ የትም ብትማረው ያው ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይህን ግማሽ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሰጥሃል። ለመግባት ውድድር የለበትም፣ የማታና የኦንላይን ክላስ አለው፣ ዲፕሎማህ ላይ የሚታተመው ደግሞ የጨረስክበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

ጣጣው የሚመጣው 60 ክሬዲት ይዘህ ሄደህ 38ቱ ብቻ ሲቆጠርልህ ነው። ቀሪውን 22 ውሃ በላው፤ በዩኒቨርሲቲ ዋጋ እንደገና ትከፍልበታለህ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት አንዲት ፊደል ናት፦ በሁለቱ የአሶሲየት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ዓይነቶች፣ በኤ.ኤስ እና በኤ.ኤ.ኤስ መካከል ያለችው። ኤ.ኤ እና ኤ.ኤስ ለትራንስፈር፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር፣ የተዘጋጁ ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ ግን ጨርሶ በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ነው። ሁለቱም «አሶሲየት» ስለሚባሉ፣ ርዝመታቸውም ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ሰው ልዩነቱን ሳያይ ይመዘገባል። ማመልከቻው ላይ ዝርዝሩ ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘውን «አይቲ» የሚል ነገር ይጫናል፤ ሁለት ዓመት ስለ ራውተርና ሰርቨር ሲያጠና ይከርማል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ ልግባ ሲል የሚጠየቀው ካልኩለስ ይሆናል። አሁኑኑ የተማሪ ፖርታላችሁን ክፈቱና በስማችሁ የተመዘገበውን ፕሮግራም ሙሉ ስም አንብቡ። ስህተት ከሆነ መቀየር የአንድ ቅጽ ሥራ ነው።

አካሄዱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። መጀመሪያ የምትጨርሱበትን ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ዘርፍ ወስኑ። ያ ዘርፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምን እንደሚጠይቅ አውጡ። ከዚያ አቻውን ክላስ ኮሌጁ ውስጥ ፈልጉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ የትኛው ክላስ የት እንደሚቆጠር ያሳያል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅ ፓርክ የራሱ የትራንስፈር ኮርስ ማውጫ አለው። ኖቫ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ገና ከጅምሩ ትመዘገባለህ፣ ክላሶቹ ተደርድረው ይሰጡሃል፣ ስትሻገር እንደገና ማመልከት የለም። መጨረሻ ላይ ትዝ ሲላችሁ የምትገቡበት አይደለም፣ በጊዜ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባብዛኛው ሲ እና ከዚያ በላይ ያገኛችሁበት ክላስ ብቻ ነው የሚሻገረው። የሚሻገረውም ክሬዲቱ እንጂ ጂ.ፒ.ኤው አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ኮሌጅ ውስጥ ያገኛችሁት ጂ.ፒ.ኤ የሚጠቅማችሁ ለመግባትና ለስኮላርሺፕ ነው።

የሲልቨርስፕሪንግ_ጎረቤት

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ተዘሏል። «ርካሽ» የሚባለው ነዋሪ ለሆነ ሰው ነው። ሞንጎምሪ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ዋጋ አለው፦ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ የሜሪላንድ ካውንቲ ነዋሪ፣ ከስቴቱ ውጪ ለሚመጣ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው። ኖቫም ለስቴቱ ነዋሪና ለውጪ ሰው የሚያስከፍለው እንደዚያው ይራራቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጠየቀው የሦስት ወር ነዋሪነት ነው፤ ቨርጂኒያ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ትፈልጋለች፣ ያውም ክላስ ከሚጀመርበት ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ። ስለዚህ አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የት ልከራይ ብሎ ሲያስብ ይህም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ማስረጃው የኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የታክስ ፋይል፣ የደመወዝ ወረቀት ነው። በአድራሻ የሚመጣ ማንኛውንም ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አስቀምጡ። ዘመድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ውሉ በስማችሁ ስለማይሆን መንጃ ፈቃዱን ቶሎ አውጡ።

ጥንቃቄ፦ ኮሌጆች ከሚቀበሏቸው ማስረጃዎች መካከል የመራጭነት ካርድ ተጽፎ ታዩታላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እሱን እንዳይነካ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ሲሏችሁ አዎ ብሎ መፈረም በኋላ ዜግነት ላይ የሚመጣ መዘዝ ነው።

እንጎቻ

አንድ ጥያቄ። አንድ ልጅ አለ፣ 20 ዓመቱ ነው፣ በዲቪ ብቻውን መጥቷል፣ እናትና አባቱ ኢትዮጵያ ናቸው። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) ላይ የወላጅ መረጃ ይላል። ዝም ብሎ «የለኝም» ይበል?

ፎርም_ሞዪው

በፍጹም እንዳይል። ፋፍሳ ላይ ከ24 ዓመት በታች የሆነ፣ ያላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ የሌለው ሰው የወላጅ ጥገኛ ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ ወላጆቹ ውጪ ስለሆኑ ብቻ አይቀርለትም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖረውም ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ አካውንት መክፈት ይችላል። ልጁ ፎርሙን ሲሞላ ወላጁን በኢሜይል ይጋብዛል፤ ወላጁ የራሱን ክፍል ሞልቶ ይፈርማል። ገቢያቸውን በብር ሳይሆን ወደ ዶላር መንዝሮ ነው የሚጻፈው፣ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ምንዛሪ። የሚጠየቀው የገቢ ዓመት ከሁለት ዓመት በፊት ያለው ነው፦ ለ2026-27 የትምህርት ዓመት የ2024 ገቢ። ተማሪውም ያኔ ኢትዮጵያ ይሠራ ከነበረ የራሱን እንዲሁ መንዝሮ ያስገባል።

ወላጅ ጋር ጨርሶ መገናኘት የማይቻልበት ሁኔታ ካለ፣ በተለይ በስደተኝነት ወይም ጥገኝነት (አሳይለም) ጠይቆ ከቤተሰቡ የተለየ ሰው ከሆነ፣ ፎርሙ ላይ «ልዩ ሁኔታ» የሚለውን መርጦ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ ያቀርባል። ውሳኔው የቢሮው ነው።

እግረ መንገዴን፣ ፎርሙን ከምንም በላይ የሚያንቀው የስም ጉዳይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፓስፖርቱ ላይ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ «የመጀመሪያ ስም» ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ይሆናል። የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ደግሞ ሰው እንደለመደው የአባቱን ስም መጨረሻ ያደርጋል። ፋፍሳ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ አንድ ፊደል ከተለየ ይመልሰዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጡና እንዳለ ገልብጡት፤ የኮሌጁንም ማመልከቻ በዚያው ሙሉት።

ቁምነገር_ብቻ

ፎርም_ሞዪው ተባረክ። የፔሉንም (የማይመለሰውን የፌዴራል እርዳታ) ሒሳብ ብታስቀምጠው?

ፎርም_ሞዪው

እሺ። በ2025-26 ከፍተኛው የፔል ግራንት 7,395 ዶላር ነው። ይህ በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ፣ 12 ክሬዲት ለሚወስድ በሴሚስተር 3,697 ገደማ ይሆናል። 9 ክሬዲት የወሰደ 75 በመቶውን፣ 2,773 አካባቢ፤ 6 ክሬዲት የወሰደ ግማሹን፣ 1,849 አካባቢ ያገኛል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥቅም በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ ነዋሪ ለሆነና ሙሉውን ፔል ለሚያገኝ ሰው የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ ይተርፋል። ያው ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከወጪው ጥቂቱን ነው የሚሸፍነው።

ግን የሚቆጠረው ለፕሮግራምህ የሚያስፈልግ ክላስ ብቻ ነው። 12 ክሬዲት ተመዝግበህ 3ቱ ከፕሮግራምህ ውጪ ከሆነ፣ ለፔል 9 ብቻ ነው የያዝከው። «ፔሌ ለምን ቀነሰ?» ብሎ ለሚደነግጥ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ፔል ዕድሜ አለው። በሕይወት ዘመን ከ600 በመቶ አይበልጥም፣ ማለትም 12 ሙሉ ሴሚስተር። ስለዚህ እንግሊዝኛው ገና የሚቀረው ሰው የፔሉን ጊዜ ለብዙ የኢኤስኤል ደረጃዎች ባያቃጥለው ይሻላል። የኢኤስኤል ክላስ ባብዛኛው ለዲግሪው አይቆጠርም። ካውንቲዎቹ ለአዋቂዎች የሚሰጡት ነጻ ወይም አነስተኛ ክፍያ ያለው የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፤ አርሊንግተን ያለው ሪፕ አንዱ ነው። እዚያ ደረጃን ከፍ አድርጎ መምጣት ነው።

ፋፍሳ የሚከፈተው በተለምዶ ኦክቶበር 1 ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ለስቴቱ እርዳታ ማርች 1ን አትለፉ።

ዶክመንት_ይዤ

የኢትዮጵያ ዲግሪ ያላቸው እዚህ ጋ ይጠንቀቁ። ፔል የመጀመሪያ ባችለር ለሌለው ሰው ነው። ከጅማም ይሁን ከባሕር ዳር የተገኘ ባችለር፣ ባችለር ነው። «አሜሪካ ውስጥ አላስገመገምኩትም፣ ስለዚህ የለኝም» የሚል ምክር ሰፈር ውስጥ ይዞራል፤ ውሸት ነው፣ ሲደረስበት ገንዘቡ ይመለሳል። ብድር ማግኘት ይቻላል፤ ፔል ግን የለም።

ከዚህ ተነስቼ ከቁምነገር_ብቻ ጋር በአንድ ነገር እለያለሁ። ዲግሪ ያለው ሰው አሶሲየት ከዜሮ መጀመር የለበትም። አንድ ፕሮግራም የሚጠይቃቸውን ክላሶች ብቻ ወስዶ ማስተርስ መግባት ወይም አጭር የሙያ ሥልጠና መውሰድ ይበጀዋል። ቨርጂኒያ ፋስትፎርዋርድ የሚባል አላት፤ ለነዋሪዎች ከሥልጠናው ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚያስከፍለው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለእንዲህ ያለው ሰው ድልድይ ነው፣ ቤት አይደለም።

ወረቀቱን በተመለከተ። ክሬዲት እንዲቆጠርላችሁ ከፈለጋችሁ ግምገማው «ኮርስ በኮርስ» የሚባለው ይሁን፤ አጠቃላዩ ዲግሪው ምን እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ስቱደንት ኮፒና ቴምፖ አይሠሩም፤ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ነው የሚፈለገው፣ ፖስታውን ራሳችሁ እንዳትከፍቱት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ደግሞ ኮስት ሼሪንጉን ሳይከፍል ኦፊሺያሉን አያገኝም። ስለዚህ ከአገር ሳትወጡ ክፍያውን ጨርሳችሁ ክሊራንሱን ያዙ። ከዚህ ሆኖ በውክልና ማስጨረስ ወራት ይፈጃል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ላይ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ትርጉሙ ላይ በግልጽ ይጻፍ። 2009 ዓ.ም. የጨረሰ ልጅ እዚህ 2009 ላይ የጨረሰ ይመስላል፤ ከትውልድ ቀኑ ጋር ሲደመር የ10 ዓመት ሕፃን 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሊሆን ነው።

ቁምነገር_ብቻ

ተቀብያለሁ። የጻፍኩት 12ኛ ክፍል ጨርሶ ለመጣ ሰው ነበር።

ነርስ_አሰልጣኝ

ነርሲንግን ማንም አላነሳም፣ የሚገርም ነው። ሐበሻ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲል ግማሹ ነርሲንግ ማለቱ ነው።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተመረቀም፣ ባችለር ያለውም ለአር.ኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) ፈቃድ የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት ፈተና ነው፦ ኤንክሌክስ። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አር.ኤን ሆኖ እየሠራ ባችለሩን በኦንላይን ይጨርሳል፤ አንዳንድ ሆስፒታል ክፍያውን ይደግፋል።

«ሁለት ዓመት» የሚባለው ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ከተገባ በኋላ ያለው ነው። ከዚያ በፊት የመግቢያ ክላሶች አሉ፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 1 እና 2 ከነላቦራቶሪያቸው፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንደ ኮሌጁ ማይክሮባዮሎጂና ስታትስቲክስ። ከዚያ ቲስ የሚባለው የመግቢያ ፈተና። ለሚሠራ ሰው ሦስት ዓመት ብሎ ማቀድ ይሻላል። ኮሌጁ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን ውድድር አለው። በሲ ያለፍከው አናቶሚ «አልፌያለሁ» ቢያስብልም ለውድድሩ አያበቃህም። ያረጀ የሳይንስ ክሬዲት የማይቀበሉ፣ ክላስ የመድገሚያ ገደብ ያላቸውም አሉ፤ የፕሮግራሙን የመግቢያ መመሪያ በየዓመቱ አንብቡ።

አናቶሚን በሰመር አትውሰዱ። የ15 ሳምንት ትምህርት በጥቂት ሳምንት ተጨምቆ ነው የሚሰጠው፤ አጥንት ሳትጨርስ ጡንቻ ላይ ይፈትኑሃል። በሰመር የሚወሰደው እንደ ሳይኮሎጂ ያለው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት ተመርቀው የመጡ ደግሞ ከማመልከታቸው በፊት የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ ይጠይቁ። የውጪ ነርሶችን ማስረጃ በሚገመግመው ትሩሜሪት (ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ) አስገምግሞ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ፣ በቀጥታ ለኤንክሌክስ መቀመጥ የሚቻልበት መንገድ አለ። ያንን ሳያጣሩ ከሀ መጀመር ሦስት ዓመት መጣል ነው።

ካልኩለስ_ወዳጅ

ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ የምትፈልጉ፣ ትልቁ ቀን የመጀመሪያው የክላስ ቀን ሳይሆን የሒሳብ ምደባ ፈተና ቀን ነው። 12ኛ ክፍል ናቹራል ሳይንስ የጨረሰ ልጅ «ይኼማ ቀላል ነው» ብሎ ከሁለት ዓመት ዕረፍት በኋላ ሳያጠና ይቀመጣል። ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ጠፍተውበታል፤ ዝቅ ያለ አልጀብራ ላይ ይጥሉታል።

ውጤቱን ተመልከቱ። ፎል ላይ ፕሪካልኩለስ የጀመረ፣ ስፕሪንግ ካልኩለስ 1፣ ቀጣዩ ፎል ካልኩለስ 2፣ ስፕሪንግ ካልኩለስ 3። ልክ ሁለት ዓመት፣ ምንም ትርፍ ቦታ የለም። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የጀመረ አምስት ሴሚስተር ይሆንበታል። የኢንጂነሪንግ ፊዚክሱም ካልኩለስ 1ን ስለሚጠይቅ አብሮ ይገፋል። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ነው። ሦስት ሳምንት አጥንቶ መቀመጥ አንድ ሴሚስተር ያተርፋል። ውጤቱ ዝቅ ካለባችሁም ድጋሚ መፈተን ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ።

የሌሊት_ሺፍት

ሙሉ ሰዓት እየሠሩ ስንት ክሬዲት ነው የሚቻለው? ሰው ሁሉ 12 ውሰድ ይላል።

ፎርም_ሞዪው

ለፔሉ ብለው ነው። 3 ክሬዲት ማለት በሳምንት ሦስት ሰዓት ክላስ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ጥናት ነው። 12 ክሬዲት 36 ሰዓት ሆነ፤ 40 ሰዓት ሥራ ላይ ደምረው። ለሚሠራ ሰው 6 ወይም 9 ነው ልኩ፣ ፔሉም ያን ያህል ተመጣጥኖ ይመጣል።

ከአቅም በላይ ወስዶ መውደቅ ደግሞ እርዳታውን ያስቆማል። ባብዛኛው መስፈርቱ ይህ ነው፦ ጂ.ፒ.ኤ ከ2.0 አይውረድ፣ ከተመዘገብክባቸው ክሬዲቶች 67 በመቶውን አልፈህ ጨርስ፣ የፕሮግራሙን 150 በመቶ አትለፍ፤ ለ60 ክሬዲት ፕሮግራም 90 ማለት ነው። 12 ተመዝግቦ 6 ያቋረጠ 50 በመቶ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ካልተስተካከለ ይቆማል።

ስለዚህ ክላስ ከከበዳችሁ ሳይቃጠል በቅጠል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ገንዘብ ተመላሽ በሚሆንበት ጊዜ ውስጥ፣ ክላሱን መጣል ምንም ምልክት አይተውም። ከዚያ በኋላ እስከ ማቋረጫው ቀን ድረስ ደብሊው ይጻፋል፤ ጂ.ፒ.ኤ አይነካም፣ 67ቱን ግን ይነካል። ምንም ሳይናገሩ መቅረት ኤፍ ነው። ሁሉንም ክላስ ጥሎ መጥፋት ደግሞ ዕዳ ነው፦ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ የወጣ ሰው ፔሉን የሚይዘው በተማረው ቀን ልክ ነው። በ15 ሳምንት ሴሚስተር አምስተኛው ሳምንት ላይ የወጣ ከ3,697ቱ ሦስተኛውን ብቻ ነው የሠራበት፤ ከቀሪው 2,465 ትልቁን ክፍል ኮሌጁ ለመንግሥት መልሶ ሒሳቡን ለተማሪው ይልካል። ያ ዕዳ ሳይከፈል መመዝገብ የለም። «ሪፈንዱን (ከክፍያው የተረፈውን ፔል) ልቀበልና ልውጣ» የሚለው ጨዋታ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ሲያትል_ቡና

ልጆች ላሏችሁ፦ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ራኒንግ ስታርት አለ። 11ኛና 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ የትምህርት ክፍያ ሳይከፍል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ይማራል፤ ክሬዲቱ ለሃይስኩልም ለኮሌጅም ይቆጠራል። ከሲያትል የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚመረቁ ደግሞ የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን ሲያትል ፕሮሚስ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ግን ልጁ ኮሌጅ ውስጥ ያመጣው ውጤት ዕድሜ ልኩን ትራንስክሪፕቱ ላይ ይኖራል፤ ላልደረሰ ልጅ አትቸኩሉ።

ኤልኤ_ፌርፋክስ

ካሊፎርኒያ፦ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ስድስት የዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ካምፓሶች ዋስትና ያለው መግቢያ አለ። በርክሌይ፣ ኤልኤ እና ሳንዲያጎ ውስጡ የሉም፤ እነሱም ትራንስፈር ይቀበላሉ፣ ዋስትናው ነው የሌለው።

እንጎቻ

ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ላለ ሰውስ?

ዶክመንት_ይዤ

ይችላል፣ ግን ዋጋው የውጪ ሰው ነው፣ የፌዴራል እርዳታም የለውም። 12 ክሬዲት ግዴታው ነው፤ ለዚያ የሚቆጠርለት ኦንላይን ክላስ በሴሚስተር አንድ ብቻ ነው። ሦስት ክላስ ኦንላይን አድርጎ የተመዘገበ ስታተሱን አጣ ማለት ነው፤ ከመመዝገቡ በፊት የውጪ ተማሪዎች ቢሮን ያነጋግር። የአሶሲየት ዲግሪ ሲጨርስ እስከ 12 ወር በኦፒቲ (ለተመራቂ በሚሰጥ የሥራ ፈቃድ) መሥራት ይችላል፤ ባችለር ሲጨርስ ሌላ ያገኛል።

የሲልቨርስፕሪንግ_ጎረቤት

አንድ ለቁምነገር_ብቻ። ብዙ ሰው 48 ወይም 50 ክሬዲት ላይ ተቀባይነት ሲያገኝ አሶሲየቱን ሳይጨርስ ይሻገራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዋስትናው የሚሠራው አሶሲየቱን ለጨረሰ ነው፤ ሳይጨርስ የሄደ ሰው እንደማንኛውም አመልካች ነው የሚታየው፣ ክሬዲቱም አንድ በአንድ ይመረመራል።

ቁምነገር_ብቻ

ልክ ነህ፣ መጻፍ ነበረብኝ። በዚያ ላይ ብዙ ቦታ 60ው ሲሞላ ዲግሪው በራሱ አይወጣም፤ ለመመረቅ ማመልከት አለባችሁ። ማመልከቻው ፖርታሉ ውስጥ ነው፣ የመጨረሻው ሴሚስተር እንደተጀመረ ሙሉት። ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው ዲግሪው የተጻፈበትን ትራንስክሪፕት ስለሆነ ውጤት ከወጣ በኋላ ሌላ ትራንስክሪፕት ማስላክ አትርሱ፤ መጀመሪያ የላካችሁት ላይ ዲግሪው የለም።